የቀኝ እግሯ፦ ከወጌሻው ቀርከሃ እስከ ጀሶ፣ ከጀሶ እስከ ጫማ (የጉዳይ ጥናት)

ይሄን ኬዝ ለምን ልጽፈው ፈለግኩ

ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ ባለ አንድ ሆስፒታል ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። የቆልማማ እግር (ሲወለድ ጀምሮ ወደ ውስጥ የተጣመመ እግር) ክሊኒካችን በሳምንት አንድ ቀን ዓርብ ዓርብ ነው የሚከፈተው። ብዙ ሕፃናት አይቻለሁ፣ አብዛኞቹ ጀሶ ታስሮላቸው ተስተካክለው ሄደዋል፣ ስለነሱ የምጽፈው ብዙም የለኝም። ይቺ ልጅ ግን አንዴ ተስተካክላ ተመልሳ የተጣመመች፣ ከዛ እንደገና የተስተካከለች ናት፣ በመሀል የሠራናቸው ስህተቶች ደግሞ ከመጽሐፍ የማይገኙ ስለሆኑ ቤተሰቦቿን አስፈቅጄ እየጻፍኩት ነው። ስም የለም፣ ቀበሌም የለም።

ልጅቷና ቤተሰቧ

ጥቅምት 2012 ላይ ከጮቄ ሥር ካለች ቀበሌ ተወለደች። አባትና እናት ገበሬ ናቸው፣ ገብስና ድንች ያመርታሉ፣ ከዋናው መንገድ ለመድረስ አንድ ሰዓት ተኩል የእግር መንገድ አለ፣ ክረምት ላይ ጭቃው ስለሚይዝ ከዛም በላይ ይሆናል። ሦስተኛ ልጃቸው ናት፣ ሁለቱ ትልልቆቹ ምንም የለባቸውም። ቤት ውስጥ የአባትየው እናት አለች፣ ስለ ሕፃን የመጨረሻውን ቃል የምትናገረው እሷ ናት፣ ይሄን ሳናውቅ ነው ሥራ የጀመርነው።

ቀኝ እግሯ ብቻ ነው የተጠማዘዘው። ተረከዙ ወደ ላይ ተሰቅሎ ወደ ውስጥ ዞሯል፣ የፊቱ ክፍል ታጥፎ ውስጥ እግሩ ሽቅብ ያያል። ይሄ ችግር ከ1000 ሕፃናት አንድ ወይም ሁለት ላይ ይታያል፣ ወንዶች ላይ ይበዛል፣ እናት በሠራችው ወይ ባልሠራችው ነገር የሚመጣ አይደለም። እናትየው ግን "ዓይን ነው" ተብላ ነበር፣ እኛ ጋ ስትመጣም እግሩን በነጠላ ጠቅልላ ሰው እንዳያይ ደብቃው ነው የገባችው።

እኛ ጋ ከመድረሷ በፊት

የተወለደችበት ቦታ ያለ ባለሙያ አይቶ "ሲያድግ በኦፕራሲዮን ይስተካከላል፣ 5 ዓመት ሲሞላት አምጧት" ብሎ ሸኛቸው። ቤተሰቡ ይሄን የሰማው "ሐኪም አቃተው" ብሎ ነው፣ እና በሰባተኛው ቀን ወጌሻ ጋ ወሰዷት።

ወጌሻው የታወቀ ሰው ነው፣ የተሰበረ እጅ ስንቱን አስተካክሏል። ቅቤ ቀብቶ እግሩን ወደ ውጭ ጠምዝዞ በቀርከሃ አሰረው። በአራተኛው ቀን ጣቶቿ አብጠው ጠቆሩ፣ ቁርጭምጭሚቷ ላይ ውሃ ቋጠረ፣ እናትየው በሌሊት ፈታችው። ደግነቱ ቶሎ ፈታችው።

እዚህ ጋ ወጌሻውን ብቻ መውቀስ ቀላል ነው፣ እኔም መጀመሪያ ላይ አድርጌዋለሁ። ግን እሱ የሠራው ስህተት ራሳቸው ሐኪሞችም ለብዙ ዓመታት የሠሩት ስህተት ነው። እግሩ የተጣመመው አንድ ቦታ ላይ ታጥፎ ሳይሆን የተረከዝና የመሀል እግር አጥንቶች አንድ ላይ ተያይዘው ከቁርጭምጭሚቱ አጥንት ሥር ወደ ውስጥ ስለዞሩ ነው፣ ተረከዙን ይዘህ ወደ ውጭ ስትገፋው ራሱ ተረከዙ ተቆልፎ እንዳይዞር ታደርገዋለህ። ትክክለኛው አያያዝ አውራ ጣትን ቁርጭምጭሚቱ አጥንት ላይ ብቻ አስደግፎ የፊቱን እግር ቀስ ብሎ ወደ ውጭ ማዞር ነው፣ ተረከዙ ሳይነካ ራሱ ተከትሎ ይመጣል። እኛ ስልጠና ላይ ደጋግመው ያስጠኑን ነገር "ተረከዙን አትንካ" ነው።

ለ45ኛ ቀን ክትባት ስትሄድ የጤና ኤክስቴንሽኗ ነጠላውን ገልጣ አየች። እኛን ታውቅ ነበር፣ ሪፈር ጻፈችላቸው። ኅዳር 26 ቀን 2012፣ በተወለደች በ51ኛ ቀኗ፣ በራችን ላይ ደረሱ።

ቢላውና ጀሶው

የድሮው መንገድ ትልቅ ኦፕራሲዮን ነው፦ ሙሉ ማደንዘዣ ተሰጥቶ የቁርጭምጭሚቱ ውስጠኛና የኋላ ክፍል ይከፈታል፣ ጅማቶችና መገጣጠሚያዎች እየተከፈቱ ይላቀቃሉ፣ አጥንቱ በሽቦ ይያዛል። ያኔውኑ እግሩ ቀጥ ብሎ ያምራል። ችግሩ ኋላ ነው፣ ውስጡ ጠባሳ ስለሚሞላ ልጁ ሲያድግ እግሩ ድርቅ ይልበታል፣ ያመዋል፣ ለመራመድ ይከብደዋል፣ ብዙዎቹ ደግመው ይከፈታሉ።

አሁን በዓለም የሚሠራበት ፖንሴቲ የሚባለው መንገድ ነው። ኢግናሲዮ ፖንሴቲ እ.ኤ.አ. በ1914 የተወለደ ስፔናዊ ሐኪም ነው፣ በአገሩ የእርስ በርስ ጦርነት ቁስለኛ ሲያክም ቆይቶ ተሰዶ በመጨረሻ አሜሪካ አዮዋ ዩኒቨርሲቲ ገባ። በኦፕራሲዮን የተሠሩ እግሮች ኋላ ምን እንደሚሆኑ አይቶ ነው በ1940ዎቹ መጨረሻ አካባቢ በእጅና በጀሶ ማስተካከል የጀመረው። በ1963 ውጤቱን አሳተመ፣ ሰሚ ግን አላገኘም፣ ዘዴው የተስፋፋው እሱ ከ80 ዓመት በላይ ሆኖት ወላጆች በኢንተርኔት እየተፈላለጉ መጠየቅ ሲጀምሩ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። እ.ኤ.አ. በ1995 የታተመ ጥናት በዚህ መንገድ የታከሙ ሰዎችን ከ30 ዓመት በኋላ አይቶ 78 ከመቶዎቹ እግራቸው ጥሩ ወይም በጣም ጥሩ ሆኖ አግኝቷል፣ ቆልማማ እግር ኖሯቸው የማያውቁ ሰዎች ላይ ያው መለኪያ 85 ከመቶ ነበር። ማለትም ልዩነቱ ትንሽ ነው።

ይሄን ለአባትየው በራሴ ቋንቋ ስነግረው አንድ ነገር ብቻ ነው የጠየቀኝ፦ "ቢላ የለውም ማለት ነው?" እኔም ቸኩዬ "የለውም" አልኩት። ይሄ መልሴ ኋላ ላይ ዋጋ አስከፍሎኛል።

ጀሶው

የመጀመሪያ ቀን የእግሯ መጣመም ስኮር ከ6ቱ 5 ነበር (6 ማለት በጣም የከፋው ነው)። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ እናት እያጠባች እግሩ ለደቂቃዎች ቀስ ተብሎ ይሳባል፣ ከዛ በተገኘው ቦታ ላይ ከጣት እስከ ታፋ ጀሶ ይታሰራል፣ ጉልበት 90 ዲግሪ ታጥፎ። በሳምንቱ ይፈታል፣ ትንሽ ጨምሮ ይሳባል፣ እንደገና ይታሰራል። አብዛኛው ሕፃን ከአምስት እስከ ሰባት ጀሶ ይበቃዋል።

ሁለተኛው ጀሶ ላይ ተሳሳትኩ። ሕፃኗ ስታለቅስ ጉልበቷ እየተዘረጋብኝ 90 ሳይሞላ አሰርኩት፣ ቤት ሲደርሱ በሦስተኛው ቀን ጀሶው ወደ ታች ተንሸራቶ ጣቶቿ ውስጥ ገቡ። እናትየው ጣት መታየት እንዳለበት አታውቅም፣ ምክንያቱም ወረቀት ሰጥቻት እንጂ አልነገርኳትም፣ ማንበብ እንደማትችል ደግሞ አልጠየቅኩም። ዓርብ ስፈታው ተረከዟ ተልጦ አገኘሁት። ቁስሉ እስኪደርቅ ለስላሳ ጥጥ ጨምረን ነው የቀጠልነው። ከዛ ቀን ወዲህ ወረቀት ትቼ እናቶቹን በራሳቸው ጣት ነው የማሳያቸው፦ የሕፃኑን አውራ ጣት ጫን አድርገሽ ልቀቂው፣ ነጭ ሆኖ ቶሎ ወደ ሮዝ ከተመለሰ ደህና ነው፣ ካልተመለሰ ወይ ጣት ከጠፋ ቀጠሮ ሳትጠብቂ ጀሶውን በውሃ አርሰሽ ፍቺው።

ወቅቱ ደግሞ አጨዳ ነበር። በየሳምንቱ አንድ የሥራ ቀን፣ የሁለት ሰው ትራንስፖርትና ምሳ ተደምሮ ወደ 150 ብር። ጀሶው እኛ ጋ ነፃ ነው እያልን እናወራለን፣ ለነሱ ግን ነፃ አልነበረም። እንዲያም ሆኖ አንድም ዓርብ አልቀሩም።

የክርስትናው ጉዳይ

አራተኛውን ጀሶ ታኅሣሥ 17 አስረን ስጨርስ እናትየው አልነሳ አለች። ሰማንያ ቀኗ ታኅሣሥ 25 ነው፣ ክርስትና ልትነሳ ነው፣ ጀሶ ደግሞ ውሃ አይነካውም። እኔ በልቤ "በላስቲክ ጠቅልለን" እያልኩ ሳስብ እሷ ቀደመችኝ፣ "ሜሮን እግሯን ሳይነካት እንዴት ይሆናል?" አለች። ልክ ናት፣ ቄሱ ሜሮን የሚቀቡት 36ቱን ዕዋሳት ነው፣ እግርም አለበት። ያውም የታመመው እግር! ላስቲኩን ዋጥ አድርጌ ተውኩት።

ያደረግነው ይሄን ነው፦ የ24ቱን ቀጠሮ ሰረዝን፣ በ25 ሌሊት ጀሶውን ቤታቸው ኮምጣጤ ጠብ ባለበት ለብ ያለ ውሃ ነክረው እንዲፈቱ ነገርናቸው (ኮምጣጤው ያለሰልሰዋል)፣ ተጠመቀች፣ ሰኞ የገና ዋዜማ ለሷ ብቻ ክፍሉን ከፈትኩ። ከሁለት ቀን በላይ ያለ ጀሶ ስለቆየች ያገኘነው ትንሽ ተመልሷል፣ እንደ ግማሽ ሳምንት ሥራ አጣን ልበል። አይቆጨኝም። የማውቃቸው ሌሎች ቤተሰቦች በዚሁ ምክንያት ጀሶውን ፈትተው ሳይመለሱ ቀርተዋል፣ ስለዚህ አሁን መጀመሪያ ቀን ከምጠይቃቸው ጥያቄዎች አንዱ "ክርስትናው መቼ ነው?" የሚለው ነው፣ ካርዱ ላይ እጽፈዋለሁ።

ጅማቱን መንካት

ስድስተኛው ጀሶ ሲፈታ እግሩ ወደ ውጭ እስከ 60 ዲግሪ ይዞራል፣ ቅርፁ ተስተካክሏል፣ ተረከዙ ብቻ አልወርድ አለ። ይሄ የሚጠበቅ ነው። ሌሎቹ የሕፃን ጅማቶች ቀስ ብለው ይሳባሉ፣ የተረከዙ ጅማት ግን ወፍራምና ግትር ስለሆነ በመሳብ አይረዝምም፣ አብዛኞቹ ልጆች ላይ መቆረጥ አለበት። በአካባቢ ማደንዘዣ፣ በቀጭን ምላጭ፣ ጥቂት ደቂቃ፣ ስፌት የለውም። ከዛ 3 ሳምንት ጀሶ ውስጥ ሲቆይ ጅማቱ ረዝሞ ራሱ ይገጥማል።

አባትየው ይሄን ሲሰማ ተነስቶ ቆመ። "ቢላ የለውም ብለኸኝ አልነበር ዶክተር?" ዶክተር አይደለሁም ብለውም አይተወኝም። መልስ አልነበረኝም። እሱን ያሳመነው የኔ ማብራሪያ ሳይሆን ኮሪደር ላይ ቁጭ ያለች ሌላ እናት ናት፣ ልጇን ብድግ አድርጋ ተረከዙን አሳየችው፣ ጠባሳውን ፈልጎ አጣው። ጥር 8 ተሠራላት፣ እያለቀሰች ገብታ ጡት ይዛ ወጣች።

ጫማው

እዚህ ጋ ነው የወደቅነው።

ጥር 29 የመጨረሻው ጀሶ ተፈታ፣ እግሩ ከጤነኛው ጋር ሲታይ ለመለየት የሚያስቸግር ሆኖ ነበር። ቤተሰቡ አለቀሰ፣ ፎቶ ተነሳን። እና ያን ቀን ነው ለመጀመሪያ ጊዜ "አሁን ደግሞ ጫማ አለ፣ እስከ 4 ዓመቷ" ያልኳቸው።

ጫማው ማለት ሁለት ትንንሽ ጫማዎች በአንድ ዘንግ ላይ የተገጠሙበት ነው፣ ዘንጉ የትከሻዋን ስፋት ያህላል፣ የታመመው እግር 70 ዲግሪ፣ ጤነኛው 40 ዲግሪ ወደ ውጭ ዞረው ይቀመጣሉ። የመጀመሪያዎቹን 3 ወራት በቀን 23 ሰዓት፣ ከዛ በኋላ በእንቅልፍ ሰዓት ብቻ። እግሩ ከተስተካከለ በኋላም የመመለስ ባሕርይ አለው፣ የሚይዘው ይሄ ጫማ ብቻ ነው። ሰው ቢላ ሲቀር ሥራው የቀነሰ ይመስለዋል፣ እኔም ይመስለኝ ነበር፣ የሚሆነው ግን ሥራው ከቀዶ ሐኪሙ እጅ ወጥቶ እናትየው እጅ ላይ መውደቁ ነው፣ ለአራት ዓመት፣ በየሌሊቱ። እኛ ደግሞ ለዚህ ሥራ ያዘጋጀናት ለ10 ደቂቃ ነው።

አያትየው ጫማውን ስታይ የተናገረችውን ኋላ ነው የሰማሁት፦ "የኔ ልጅ ምን አጥፍታ ነው እግር ብረት የገባችው?" ጤነኛው እግር ለምን እንደታሰረም ማንም አላስረዳትም (ዘንጉን የሚይዘው ሌላኛው እግር ስለሆነ ነው፣ ለብቻው የታሰረ ጫማ አያዞርም)። ሕፃኗ በመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች አለቀሰች፣ ሁሉም ያለቅሳሉ። አንቀልባ ውስጥም አልገባ አላት፣ ዘንጉ የእናትየውን ወገብ ይወጋል። እናትየው በቀን ትፈታዋለች፣ ሌሊት ደግሞ አያትየው ቀስ ብላ ትፈታዋለች።

እኛ በወሩ ስናያት ይሄን ልናውቅ ይገባ ነበር፣ ግን መጋቢት 4 ቀን 2012 የመጀመሪያው የኮቪድ ታማሚ ተገኘ ተባለ፣ በመጋቢት መጨረሻ ባሕር ዳር፣ እንጅባራ፣ ቲሊሊና አዲስ ቅዳም ለ14 ቀን ተዘጉ፣ መጋቢት 30 በአገር ደረጃ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወጣ። መኪና ጠፋ፣ የተገኘውም ግማሽ ሰው ጭኖ እጥፍ ያስከፍላል። ክሊኒካችን ለወራት ሰው አላየም። ጫማውም ጠበባት። የቤተሰቡ ስልክ ካርዳችን ላይ አልነበረም፣ የነበረው የቀበሌው ስም ብቻ ነው። ኮቪድን ማመካኘት እችላለሁ፣ ስልክ ቁጥር አለመጻፋችን ግን የኮቪድ ጥፋት አይደለም።

ሁለተኛው ዙር

መስከረም 2013 ላይ ተመለሱ። 11 ወሯ ነው፣ ግድግዳ ይዛ ትቆማለች፣ ቀኝ እግሯን በውጭው ጠርዝ ነው የምትረግጠው፣ ተረከዟም ተነስቷል። እናትየው ቀና ብላ አላየችኝም። የምትሰደብ መስሏት ነበር።

አልተሳደብንም፣ በዚህ እንኳን አልተሳሳትንም። ሦስት ጀሶ በቃት፣ ጅማቱን ደግሞ መቁረጥ አላስፈለገም፣ ተረከዙ በጀሶው ብቻ ወረደ። ትልቁ ለውጥ ሌላ ነበር፦ በሦስተኛው ቀጠሮ አያትየው እንድትመጣ ለመንናት። በቅሎ ላይ ተቀምጣ እስከ መንገድ፣ ከዛ በመኪና መጣች። እግሩን በእጇ አስያዝኳት፣ ተረከዙ እንዴት እንደሚነሳ ራሷ ዳሰሰችው፣ ከዛ ጫማውን ራሷ እንድታስር አደረግኩ። "እንግዲህ ልጄ፣ ይሄን ቀድመህ አትነግረኝም ኖሯል?" ብላ ተቆጣችኝ። ከዛ ቀን ጀምሮ የጫማው አዛዥ እሷ ሆነች። አንቀልባውንም እሷ ፈታችው፣ ጋቢ አጥፋ ከዘንጉና ከእናትየው ወገብ መሀል ታስገባለች፣ እግሮቹን ከአንቀልባው ውጭ ትተዋለች። አሁን ለሌሎች እናቶች የማሳየው የሷን ዘዴ ነው።

ከኮቪዱ በተማርነው ሁለት ነገር ጨመርን፣ ቤተሰቡ ሁልጊዜ አንድ ቁጥር የሚበልጥ ጫማ ቤቱ ይኖረዋል፣ የሁለት ሰው ስልክ ካርዱ ላይ ይጻፋል። የአባትየው ወንድም ልጅ ደብረ ማርቆስ ይማር ስለነበር ወደ ቤት በሄደ ቁጥር የእግሯን ፎቶ በቴሌግራም ይልክልኛል። ከነሐሴ 2015 በኋላ ዳታ ሲጠፋና መንገዱ ሲዘጋጋ ፎቶውም ቀረ፣ ኔትወርክ በተገኘ ቀን ደውዬ "ቁጢጥ ስትል ተረከዟ መሬት ይነካል ወይ?" ብዬ ብቻ ነው የምጠይቀው። ይሄ ጥያቄ ከፎቶው የተሻለ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ትልቁን ጫማ የቀየሩት እኛ ሳናያት ነው።

ሌላ ቦታ ለሚሠራ ሰው

ቢላ የለውም አትበሉ፣ ትንሽ አለው በሉ፣ የመጀመሪያው ቀን ላይ። አራቱንም ዓመት የዛኑ ቀን ተናገሩ፣ ጀሶው ካለቀ በኋላ የሚነገር ቤተሰብ ሥራው ያለቀ ይመስለዋል።

ቤት ውስጥ የሚወስነውን ሰው ፈልጉ፣ ብዙ ጊዜ ክፍሉ ውስጥ የገባችው እናት አይደለችም።

ስለ ወጌሻው ልጨምር። በ2013 ክረምት ቡና ይዤ ቤቱ ሄድኩ፣ አልተከራከርኩትም፣ የሷን የመጀመሪያ ቀንና የመጨረሻ ቀን ፎቶ ብቻ አሳየሁት። ብዙ ዝም ብሎ አየው። ከዛ ወዲህ ሁለት ሕፃናት ልኮልኛል፣ አንዷ የተወለደች በ9ኛ ቀኗ ነው የመጣችው። ስብራት ግን አሁንም ያስራል፣ ስለሱ ገና ብዙ የምንነጋገረው አለ።

ያልሠራው ነገር ደግሞ የታተመ ወረቀት ነው። ብዙ አለን፣ ጥሩ ሥዕልም አለው፣ መሶብ ክዳን ሥር ተቀምጦ ነው የሚገኘው።

አሁን ያለችበት

ጫማውን ያቆምነው 4 ዓመት ከ3 ወር ሲሆናት ነው። አሁን ስድስት ዓመቷን ይዛለች፣ ጥጃ ትጠብቃለች፣ ቁጢጥ ትላለች፣ አያመኝም ትላለች። የቀኝ ባቷ ከግራው ይቀጥናል፣ እግሩም ትንሽ ያጥራል፣ ይሄ እንደሚቀር መጀመሪያም የሚታወቅ ነው፣ ኮንጎ ጫማ በግራዋ ልክ ይገዛላትና የቀኙ ፊት ላይ ጨርቅ ይወተፍበታል።

አንድ ነገር ግን አለ። ስትራመድ ደህና ናት፣ ስትሮጥ ግን የቀኝ እግሯ ፊት ወደ ውስጥ ይገለበጣል። የፊት ቅልጥሟ ጡንቻ ስለሚያይል ነው፣ ከቀጠለ ያን ጅማት ከውስጠኛው ጎን ነቅሎ ወደ እግሩ መሀል የሚያዛውር ኦፕራሲዮን ያስፈልጋት ይሆናል፣ መገጣጠሚያውን ስለማይከፍት ከድሮው ጋር አይወዳደርም፣ ቢላ ግን ነው። በዚህ ጊዜ ለአባትየውም ለአያትየውም በአንድ ላይ አስቀምጬ ነው የነገርኳቸው። ባሕር ዳር ያለ የአጥንት ሐኪም ጥር ላይ ያያታል።